ከቆርቆሮው ሥር የወጣ ፀደይ

ባሏ የብስኩት ቆርቆሮውን ክዳን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየ። ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። እንደገና ወደ ውስጥ አየ፤ በመጀመሪያው ያጣውን በሁለተኛው የሚያገኘው ይመስል።

«ነጥቤ፣ ከሁሉም በላይ የነበረችው ካርድ የት ሄደች?»

«የትኛዋ?»

«የመምህርቷ ቀለም ያለባት ናታ!»

ክው አለች። ይዛው የነበረው ቀጭን ብሩሽ ከጣቶቿ ሾልኮ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ወለሉ ላይ ጠብ አለ። ለማንሳት ያጎነበሰ የለም። ከፊቷ ደብተሯ ተዘርግቷል። በደብተሩ ገጽ ላይ ከጧት ጀምራ ስትለፋበት የዋለችው ዛፍ ቆሟል። ግንዱ በሻይ ዝቃጭ የተሣለ፣ አበባውና ቅጠሉ ከባለ ቀለም ካርድ የተቆረጠ፣ ከላዩ ገና ያልደረቀ ቫርኒሽ የለበሰ ዛፍ ነው። ያበራል። ከአፍታ በፊት ይኸው ማብራቱ ልቧን ሞልቶት ነበር። አሁን ግን እያንዳንዷ ቅጠል ዓይን አውጥታ የምታያት መሰላት።

ሴትየዋ በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። መስኮቷ ጠባብ ናት፤ በመስኮቷ የሚመጣው ሰው ግን ብዙ ነው። «ካርዴ ጠፋብኝ» የሚል አለ፤ «ቁጥሩን አላስታውሰውም፣ ግን ያኔ ስመጣ ዝናብ ነበር» የሚልም አለ። እሷ የዝናቡንም ሰውዬ ካርድ ፈልጋ ታገኛለች። ከተቆለለ ክምር መካከል፣ የላዩ ሳይናድ፣ ከሥር የምትፈልገውን ካርድ ሳብ አድርጋ ስታወጣ ያየ ሰው አስማት ይለዋል። የሰውን ሁሉ ካርድ እንዲህ የምታገኝ ሴት ታዲያ የራሷ ቀን ይጠፋባት ነበር። አንድ ጊዜ የዓመት ፈቃድ ወስዳ፣ በፈቃዷ በመጀመሪያው ቀን፣ እንደ ልማዷ ማልዳ መጥታ መስኮቱን ከፍታ ሰው ስታስተናግድ አረፈደች። አጠገቧ ተቀምጣ ማህተም የምትመታው ባልደረባዋ ትክ ብላ ስታያት ቆየች።

«እኔ የምልሽ፣ ዛሬ ፈቃድ ላይ አይደለሽም እንዴ?»

«እኔ?»

«አይ፣ እኔ ነኛ! ኧረ በይ ቤትሽ ግቢ፣ ሰው ጉድ ሳይለን!»

ደብተሩ የተጀመረው በዚያ ድንጋጤ ነው። መስመር የለውም፤ ገጹ በሙሉ በደቃቅ ነጠብጣብ የተሞላ ነው። ሊሠራ የታሰበ ነገር ሁሉ ከፊቱ አንድ ደማቅ ነጥብ ይደረግለታል። ሲሠራ ነጥቡ ላይ ኤክስ ይጋደምበታል። ካልተሠራ ደግሞ ቀስት ይወጣለትና ወደ ነገ ይሸኛል። ውኃ በደንብ የጠጣች ዕለት አንዲት ትንሽ ሳጥን ሰማያዊ ትቀባለች፤ ለእህቷ የደወለች ዕለት ቢጫ። ሳጥኖቹ በተውላት ክፍተት፣ ከዳር ከዳሩ፣ ስታንጎራጉር የመጣላትን ግጥም ትጥፋለች። ግጥም የማይመጣላት ቀን የለም። ካርድ ስትፈልግ ታንጎራጉራለች፣ ሰሃን ስታጥብ ታንጎራጉራለች፤ ጥርሱን ይዞ የመጣ ሕመምተኛ እንኳን በመስኮቷ አጠገብ ጆሮውን አዘንብሎ ይቆማል።

ነጥቤ የሚለውን ስም ያወጣላት ባሏ ነው።

«እስቲ እይልኝ» ይላታል፣ ትከሻዋ ላይ አገጩን አስደግፎ፤ «ባሌን መውደድ የሚል ነጥብ አለ?»

«አለ እንጂ። ብቻ ሁልጊዜ ቀስት ነው የሚወጣለት።»

ብርዱ አልፎ የክሊኒኩ ግቢ ዛፍ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ነጥቤ ደብተሯን ታድሳለች። ሌላው ሰው መጋረጃ ያጥባል፣ መስኮት ይወለውላል፤ እሷ ለቀሩት ወራት ገጾች አዲስ ፊት ታወጣላቸዋለች። ዘንድሮ ግን ኪሷ አልፈቀደም። ጣራው አፍስሶ፣ የጣራው ጠጋኝ የተረፈውን ሁሉ ይዞት ሄዷል። እንዲያም ሆኖ ከሥራ ስትወጣ እግሯ ወደ ጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ወሰዳት። ባለ ሱቁ በመስታወቱ ሥር ባለ አበባ ተለጣፊ፣ የሐር ጥብጣብ የመሰለ ባለ ቀለም ፕላስተር፣ ጫፉ እንደ ቅንድብ የቀጠነ ባለ ብዙ ቀለም እስክሪብቶ ደርድሯል። ዋጋውን ሲነግራት የጋለ ድስት እንደነካ ሰው እጇን ሰበሰበች።

«ትንሽ ይቀነስልሻል» አላት ባለ ሱቁ።

«ግድ የለም፣ ላድሰው ነው እንጂ ልሞሽረው አይደለም» አለችውና ወጣች።

መንገድ ላይ ግን ሆድ ባሳት። ከፎቆቹ ሰገነት ላይ ሰዎች የአበባ ማሰሮ እያወጡ ነበር። አንዲት ሴት ምንጣፍ ታራግፋለች፤ አቧራው ራሱ በፀሐይዋ ውስጥ ወርቅ መስሎ ይወርዳል። ነጥቤ በለሆሳስ እንዲህ አለች፦

ፀደይ መጣ አሉኝ በመስኮቴ አልፎ፣
የኔን ደጃፍ ዘሎ ከጎረቤት አርፎ።

ግጥሙ ግን ሳይታወቃት አበረታት። ቤት ስትደርስ መሳቢያ ሁሉ ተከፈተ። የባሏ አሮጌ ሸሚዝ አንገቱ አልቆ ጀርባው ደህና ነበር፤ ለደብተሩ ልባስ ይሆናል ተባለ። የፖስታ የውስጥ ገጽ ሰማያዊ መረብ ለወራቱ ርዕስ መደብ ይሆናል። የእስክሪብቶ ክዳን ክብ መሳያ፣ የሻይ ዝቃጭ ቡናማ ቀለም፣ የዱቄት ሙጫ ማጣበቂያ። ሁሉም ተገኘ፤ የጎደለው አበባ ብቻ ነበር። አበባ ቀለም ይፈልጋላ! ያን ጊዜ ነው ዓይኗ ከመደርደሪያው ላይ ካለው የብስኩት ቆርቆሮ ላይ ያረፈው።

ባሏ ቤት ቀቢ ነው። ቀለም የሚቀላቅል መሣሪያ የለውም፤ በባልዲ ውስጥ በእንጨት እያማሰለ፣ በዓይኑ ይመጥናል። ከሌላ ግድግዳ ጋር አመሳስል ያሉትን ያመሳስላል፤ የሙያ ጓደኞቹም «ዓይነ ሚዛን» ብለውታል። ደንበኛው «በቃ፣ ይሄ ነው» ያለ ጊዜ ጣቱን ባልዲው ውስጥ ነክሮ በትንሽ ነጭ ካርድ ላይ ይለቀልቃል፤ ያደርቀዋል፤ ከቆርቆሮው ውስጥ ካለው ክምር ላይ ያኖረዋል። ቀለም እርጥብ ሳለ ይዋሻል፣ እውነቱን የሚናገረው ሲደርቅ ነው ይላል። ስለዚህ ትልቁን ባልዲ የሚቀላቅለው የደረቀችውን ካርድ ከዓይኑ ፊት አቁሞ ነው። አዲሶቹ ካርዶች ከላይ ናቸው፤ ከሥር ያሉት ቤታቸው ተቀብቶ ያለቀ ነው።

በማግሥቱ፣ በዕረፍቷ ቀን ጧት፣ ባሏ መሰላሉን ተሸክሞ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ያዘችው።

«ከቆርቆሮህ ካርድ ልውሰድ?»

«ለምንሽ?»

«ለፀደይ።»

«እሱንም እኔ ልቀባው ነው በይኛ!» ሳቀ። «ከሥር ያሉትን የፈለግሽውን ውሰጂ። ከላይ ያሉትን ግን እንዳትነኪብኝ። የላይኛዋን በተለይ!»

«ከሥር እወስዳለሁ፣ ከላይ አልነካም።»

እውነቷን ነበር። ልክ እንደ ቃሏ ለማድረግ ተነሣች። ቆርቆሮው ግን ጥልቅ ነው፤ እጇ ሲገባ ክርኗ ጋ ይጣበቃል፣ ጣቷም ሥሩን አይነካም። ስለዚህ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችውና ልክ ኬክ ከመጋገሪያው እንደሚወጣ ቀስ አድርጋ ወደ ላይ አነሣችው። ካርዶቹ ሳይናዱ፣ ቀጥ ብለው፣ ግንብ መስለው ቆሙ። በራሷ ጥንቃቄ ተደሰተች። ከዚያም ያ ካርድ ክፍል ያሠለጠነው እጇ፣ የላዩን ሳይነካ፣ ከክምሩ ሥር ሳብ አደረገ።

ሲገለበጥ የላዩ ከሥር፣ የሥሩ ከላይ መሆኑን በዚያች ሰዓት አላሰበችውም። እንደ ቃሏ ከሥር ወሰደች።

መጀመሪያ እጇ ላይ የወጣችው ካርድ ስም ያልወጣለት አረንጓዴ ነበረች፤ ግራጫም ትመስላለች፣ የሳሙና አረፋም ትመስላለች። «አንቺ ቆንጆ፣ የት ነበርሽ እስከ ዛሬ?» አለቻት ነጥቤ። በሙሉ ለቅጠል አዋለቻት። ቁራጭ እንዳይባክን ፍርፋሪዋን ሳይቀር ለዛፉ እግር ሣር አደረገችው። ሮዙን፣ ቢጫውን፣ የሰማዩን ለአበባ ቆረጠች። የቀሩትን ካርዶች ሰብስባ ወደ ቆርቆሮው መለሰች። በመጨረሻም እንዳይላጥና እንዲያምር ብላ ከባሏ ዕቃ መካከል የበር ቫርኒሽ ፈልጋ ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች አለበሰችው። ከሰዓት በኋላ ባሏ ሲመጣ ያገኛት የመጨረሻውን ጫፍ ስትቀባ ነው።

እነሆ ብሩሹ ወለል ላይ ነው። ባሏ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሷል።

«ይቺ ናት?» አለ ቅጠሎቹን በዓይኑ እየዞረ። ሊነካቸው እጁን ሰድዶ መለሰው። «ቫርኒሽ ቀባሻቸው?»

«እንዳይላጡ ብዬ...»

«ጠቆሩ። ኧረ ጠቆሩ! ቢጫ ገባባቸው!»

«ሲደርቅ አይለቅም?»

«ቫርኒሽ ሲደርቅማ ይብስበታል።» ከዳር ያለችውን አንዲት ቅጠል በጥፍሩ ጫፍ ቀስ አድርጎ ፋቀ። ቫርኒሹ ሲነሣ ቀለሙም አብሮ ተነሣ፤ ከሥር ባዶ ነጭ ካርድ ብቅ አለ። ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ «ውይ!» አሉ።

ቢጮህ ይሻላት ነበር። አልጮኸም። የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠና ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ነጥቤ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ከግድግዳው ላይ እንደገና አታየውም?»

«የትኛው ግድግዳ? ፍቄ፣ በስቱኮ ለስኜ፣ ዙሪያውን ነጭ ወረቀት አስመስዬዋለሁ። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የነበረችዋንም ንጹሕ ቦታ ዛሬ ጧት በገዛ እጄ ፋቅኋት፤ ካርዷ አለችኝ ብዬ።»

«በዓይንህስ? ዓይነ ሚዛን አይደለህ?»

«አስታውሼ ብቀላቅል የእኔ ቀለም ነው የሚሆነው ነጥቤ። ሴትየዋ የጠየቁኝ የባላቸውን ነው።»

ይህን ነጥቤም ታውቀዋለች። መምህርቷ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ባላቸው በብርዱ ወራት አርፈዋል። የመኝታ ክፍሉን የቀቡት ሰውዬው ራሳቸው ነበሩ፤ በተጋቡ ሰሞን፣ ከየቆርቆሮው የተራረፈ ቀለም አንድ ላይ ደባልቀው። ስለዚህ ያ ቀለም በየትም ሱቅ የለም። ግድግዳው በጭስና በዕድሜ ሲያድፍና ሲላጥ መምህርቷ ቀቢውን ጠርተው የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሌላ አታድርግብኝ፣ የእሱኑ መልስልኝ።» ቀቢውም ቁም ሳጥኑን አስነሥቶ ከኋላው ጭስና ፀሐይ ያልነካት አንዲት ንጹሕ ቦታ አገኘ። ደጋግሞ ቀላቀለ፣ ደጋግሞ አሳያቸው። በመጨረሻ «እሺ» አሉት። ቀለሙ በዓለም ላይ የቀረው በዚያች ካርድ ላይ ብቻ ነበር። አሁን ደግሞ ሣር ሆኗል።

«ነገ ባልዲ ከመክፈቴ በፊት ልነግራቸው ይገባል» አለ ቀቢው። «እንደ ምንም አስመስዬ ብቀባ ላያውቁ ይችላሉ። እኔ ግን አውቃለሁ።»

«አንተ አይደለህም የምትነግራቸው» አለች ነጥቤ። ድምፅዋ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነባት። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እኔው ነኝ የምናገረው።»

ደብተሩን እርጥብ ገጹ እንዳይነካ እንደተከፈተ በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ ሙሉ ሰሃን ሾርባ እያመዛዘነች ወጣች። ባሏ ከፊት ከፊት እየሄደ ሰው ገለል ያደርግላታል። መንገዱ ሁሉ ብርሃን ነበር፤ ልጆች ብስክሌት ይገፋሉ፣ ከአንድ መስኮት ሬዲዮ ይዘፍናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከነጥቤ አፍ ግጥም አልወጣም።

የመምህርቷ በር ሲከፈት መጀመሪያ የታየው ቁም ሳጥኑ ነው። ከመኝታ ክፍሉ ወጥቶ መተላለፊያውን ዘግቶ ቆሟል።

«በጎን ነው የሚታለፈው። ሆዳችሁን ወደ ውስጥ፣ ትንፋሻችሁን ያዝ!» አሉ መምህርቷ ከወዲያ በኩል። ዕድሜ ልካቸውን ልጅ ያሰለፉበት ድምፅ ነው። አለፉ። ሳሎኑ ውስጥ የመኝታ ክፍሉ ጓዝ ሁሉ ተቆልሏል፤ መምህርቷ ሰሞኑን የሚተኙት ሶፋው ላይ እንደሆነ ብርድ ልብሱ ይናገራል። በተከፈተው የመኝታ ክፍል በር በኩል ግድግዳው ታየ። ነጥቤ ደነገጠች። ያን ያህል ነጭ ይሆናል ብላ አልጠበቀችም። ሰው ያልኖረበት፣ ማንም ያልሳቀበት ነጭ ነበር።

«ባለቤቴ ናት» አለ ቀቢው።

«ዘፋኟ! የክሊኒኩ ካርድ ክፍል አይደለሽ? ካርዴን አውጥተሽልኛል እኮ። ቁጭ በሉ። ምን ሆናችኋል፣ ፊታችሁን ዱቄት ያስመሰለው ምንድነው?»

ነጥቤ አልተቀመጠችም። ትምህርቷን ያልሠራች ተማሪ መስላ፣ ደብተሯን ደረቷ ፊት ይዛ ቆመች።

«እትዬ፣ የባለቤትዎን ቀለም አጠፋሁት።»

«ምን አደረግሽው?»

ተናገረች። ቆርቆሮውን፣ መገልበጡን፣ ከሥር መውሰዷን፣ መቀሱን፣ ቫርኒሹን፤ አንዱንም አልሸሸገች፣ «እሱ ምንም የለበትም» የሚለውንም ሦስቴ ደጋገመች። መምህርቷ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጪው እስቲ።»

መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱት። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። አራቁት። ድንገት ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ደም የሚባል ነገር ከጉንጫቸው ጠፋ። በአንድ እጃቸው የሶፋውን ክንድ ፈልገው እሱ ላይ ዘፍ አሉ።

«እትዬ!» ቀቢው ዘሎ ደገፋቸው።

«ማነው የነገራችሁ?»

«ምኑን?»

«ይኼን! ይኼን ቀለም!» በጣታቸው ወደ ጠቆረችው ቅጠል አመለከቱ። «ማነው ይኼን የነገራችሁ?»

ባልና ሚስት ተያዩ። ከንዴት ነው ብላ ያሰበችው ነጥቤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ማንም አልነገረንም፤ ቫርኒሽ ነው» አለች እምብዛም በማይሰማ ድምፅ። «ያጠቆረው ቫርኒሹ ነው።»

«አላጠቆረውም» አሉ መምህርቷ። «የኔ ልጅ፣ አላጠቆረውም! ይኼ እኮ ክፍሌ ነው።»

መምህርቷ መነጽራቸውን አውልቀው በልብሳቸው ጫፍ ይወለውሉ ጀመር፤ እየወለወሉም ለቀቢው ተናገሩ።

«ስማ ልጄ፤ አንተ ያሳየኸኝ ካርድ ልክ ነበር። ዓይንህ አልተሳሳተም፤ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው እሱው ነው። ግን እኔ ከቁም ሳጥን ጀርባ አልኖርኩማ! ሰውዬው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ሲጋራውን ያጨሳል፤ እኔ እጮሃለሁ። ‹ግድግዳውን አጨቀየኸው፣ አጥፋው!› እለዋለሁ። እሱ ‹ይቺን ብቻ› ይለኛል። ዕድሜያችን አለቀ በዚያ ጭቅጭቅ። ያ ሁሉ ጭስ ተቀምጦ ተቀምጦ ግድግዳውን እንዲህ አደረገው። እንዲህ! የማር ጠብታ የነካው አረንጓዴ። አንተ ያን ካርድ ስታሳየኝ ዓይኔ ‹አይደለም› አለኝ። ግን ስንት ጊዜ አለፋሁህ፣ አፈርኩ፤ እሺ አልኩህ። ከወጣህ በኋላ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቀለሙንም ረሳሁት ማለት ነው፣ ነገ ደግሞ ፊቱን ልረሳው ነው ብዬ።»

«ቆሻሻ መስሎኝ እኮ ነው!» አለ ቀቢው። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «እትዬ፣ ያን ሁሉ... እኔ እኮ ቆሻሻ ብዬ ፍቄ ጣልኩት!»

«እኔስ? ዕድሜ ልኬን ቆሻሻ ስለው ኖሬ የለ?»

ነጥቤ ዕንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ከቤት ጀምሮ የያዛት ድንጋጤ ገና አልለቀቃትም ነበር፤ አሁን ግን ያው ድንጋጤ መልኩን ለውጦ እንደ ሳቅ ጉሮሮዋን ይኮረኩራታል። ቀቢው ቀድሟት ወደ ሥራው ተመለሰ። ገጹን በብርሃኑ ፊት አዘነበለ፣ አቀና፣ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ።

«እቀላቅለዋለሁ» አለ። «ግን ይቺን ከባልዲው አጠገብ ማቆም አለብኝ። ቀኑን ሙሉ።» ነጥቤን አያት። «ደብተሩ በሙሉ በቀለም ይበላሻል።»

የምትለውን ያውቃል። ከዚያ ደብተር ገጽ ተቀድዶ አያውቅም። አንድም ነጥብ ኤክስ ያላገኘበት ገጽ አለ፤ የታመመችበት ሳምንት ባዶ ገጽ አለ፤ ከእህቷ የተጣላችበት፣ እስክሪብቶው ወረቀቱን የቀደደበት ገጽ አለ። ሁሉም በቦታው ነው። የኖሩት ቀን አይቀደድም ትላለች።

«ተዪው ልጄ» አሉ መምህርቷ፣ ፊቷን አይተው። «ቅጠሏን ብቻ ቆርጦ ቢወስድስ?»

«ቫርኒሹ ሲቆረጥ ይሰነጠቃል» አለ ቀቢው በለሆሳስ።

«እትዬ፣ መቀስ አለዎት?» አለች ነጥቤ።

ከገጹ ጀርባ የወሩ ሳጥኖች ነበሩ፤ ገና ያልተቀቡ፣ ውኃውም ስልኩም ያልተሞላባቸው። ከስፌቱ አጠገብ ጥቂት ጠርዝ ትታ፣ ከላይ እስከ ታች ቆረጠችው። ዛፉ ከደብተሩ ወጣ። ለቀቢው ሰጠችውና የቀረውን ደብተር ዘጋችው፤ ከአሮጌ ሸሚዝ የተሰፋው ልባስ በእጇ ውስጥ ለስላሳ ነበር።

በማግሥቱ ነጥቤ ከባሏ ጋር አብራ ሄደች። ያም ቀን የዕረፍት ቀኗ መሆኑን ከደብተሯ ላይ ሁለት ጊዜ አረጋግጣ ነው። ገጹ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተደግፎ ቆመ። ቀቢው ነጩን አፈሰሰ፣ አረንጓዴውን ጨመረ፣ ጥቁሩን በጣቱ ጫፍ ቆንጥሮ አስገባ። አማሰለ። ለቀለቀ፣ አደረቀ፣ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ቡናማ ጠብታ፣ ከዚያ ቢጫ፣ እንደገና ነጭ። ነጥቤ ካርዱን በእጇ እያራገበች ታደርቅለታለች። «ገና ነው» ትለዋለች፤ «እንዴት አወቅሽ?» ይላታል፤ «ሲጋራው አልበረታም።» ከብዙ «ገና ነው» በኋላ አንዲት ካርድ ደርቃ ከቅጠሏ ጎን ቆመች፤ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ለማየት ሁለቱም አጎነበሱ። ባሏ ጣቱን ባልዲው ውስጥ ነከረና ደብተሯን ከቦርሳዋ ስቦ፣ ከተቆረጠው ገጽ በቀረችው ጠባብ ጠርዝ ላይ አሳረፈው። ከነጠብጣቡ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነጥብ ሆነ።

«ይኼ ኤክስ ነው ቀስት?» አለችው።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ባለ ደብተሯ አንቺ።»

ሮለሩ ግድግዳው ላይ ሲወጣና ሲወርድ ግጥሙ ተመለሰላት፦

የግድግዳ ቀለም ይደበዝዛል አሉ፣
ዓይን የሣለው ግን አብሮን ነው መዋሉ።

መምህርቷ ቀኑን ሙሉ ሳሎን ውስጥ ከቁም ሳጥኑ ማዶ ተቀምጠው ቆዩ። አንድም ጊዜ ሊያዩ አልመጡም፤ «እርጥብ ሳለ ይዋሻል ብለኸኛል» አሉት። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል፣ የመጀመሪያው ግድግዳ ደርቆ ሁለተኛው ሊያልቅ ሲል ነው ጠርቶ ያስገባቸው። በጎን ሆነው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው አለፉ። ደፉን ተሻገሩ። ቆሙ።

ነጥቤ ፊታቸውን ብቻ ነበር የምታየው። ግድግዳውን አላመሰገኑም፣ አልነኩትም። ቀስ ብለው አየሩን በአፍንጫቸው ሳብ አደረጉ። እንደገና ሳቡ። ከዚያ ድንገት ቅንድባቸው ተሰበሰበና፣ ወንበር ወደሌለበት ወደ መስኮቱ ጥግ ዞረው፣ እንደ ድሮው፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ጮኹ።

«ኧረ አጥፋው አልኩህ!»

የቀቢው ሮለር አየር ላይ ቀረ። ነጥቤን ውርር አደረጋት። መምህርቷ የገዛ ድምፃቸውን የሰሙት ከሁሉም ዘግይተው ነው፤ እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ፣ ከጣቶቻቸው መካከል ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ነገር አመለጠ።

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሽታ የትኩስ ቀለም ብቻ ነበር። ቀቢው ግን ሮለሩን ቀስ አድርጎ ባልዲው ላይ አጋደመና፣ ጭሱ እንዲወጣ መስኮቱን ከፈተ።